ዘጠኝ ዘፈን፣ አንድ ዙፋን፦ ከኦዚ የመጨረሻ ኮንሰርት አድናቂዎቹ ምን ይዘው ተመለሱ?

ያቺን ቪዲዮ ሳታዩዋት አትቀሩም። ከመድረኩ ስር አንድ ጥቁር ዙፋን ቀስ እያለ ይወጣል። ዙፋኑ ላይ ጥቁር በጥቁር የለበሰ፣ ዓይኑን የተኳለ ሽማግሌ ተቀምጧል። አርባ ሺህ ገደማ ሰው ይጮሃል። ሽማግሌው ያጨበጭባል፣ ዓይኑን ያጉረጠርጣል፣ ወደፊት ዘንበል ይላል፣ ሊነሳ የሚታገል ይመስላል። እግሩ ግን እሺ አይለውም።

ሰውየው ኦዚ ኦዝበርን ነው። ቀኑ ጁላይ 5 ቀን 2025፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 28 ቀን 2017 ዓ.ም። ቦታው እንግሊዝ፣ በርሚንግሃም፣ የአስቶን ቪላ ሜዳ ቪላ ፓርክ። ከዚያ ምሽት በኋላ የኖረው 17 ቀን ብቻ ነው። ጁላይ 22 በ76 ዓመቱ ዐረፈ።

እኛም እንደ አብዛኞቻችሁ ቦታው ላይ አልነበርንም። ዳታ እየገዛን ቁርጥራጭ ቪዲዮ ነው ያየነው። ከቪዲዮዎቹ በላይ ግን ቀልባችንን የሳበው፣ ከሜዳው የወጡ ሰዎች ምሽቱን ያወሩበት መንገድ ነው። በተለይ በእነዚያ በ17ቱ ቀናት ውስጥ የተባለው። ለምን? ሰው ከሞተ በኋላ ሁሉም ነገር ይጣፍጣል። "አስደናቂ ነበር"፣ "ድምፁ መልአክ ነበር" ይባላል። ከጁላይ 5 እስከ ጁላይ 22 ግን ኦዚ በሕይወት አለ፤ ማንም በቅርቡ ይሞታል ብሎ አላሰበም። ያኔ የተነገረው ስሜት ለቅሶ ያልነካው ስሜት ነው።

እና ምን አሉ?

አንደኛው ወገን ግልጽ ነበር፦ "አሳዘነኝ።" የፓርኪንሰን ሕመም ያለበት፣ መቆም የማይችል ሰው ለምን መድረክ ላይ ወጣ? ማን ነው የገፋው? ቤተሰቡ ነው? ብር ነው? ይሄ ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አይደለም፣ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው ወገን ድምፁን የለካው ነው። እውነቱን እንነጋገር፣ ድምፁ እንደ ድሮው አልነበረም። ፈጣኖቹን ዘፈኖች እንደምንም ወጣቸው። "ማማ አይም ካሚንግ ሆም" የተባለችው ቀስ ያለችው ዘፈን ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ያቺ ዘፈን መደበቂያ የላትም፤ ጊታሩ ዝቅ ይላል፣ ድምፅ ብቻውን ይቀራል። እዚያ ላይ ምን ሆነ? ሜዳው በሙሉ ተቀብሎ ዘፈነለት። ካሜራው ሕዝቡ ላይ ሲዞር ንቅሳታቸው እስከ አንገታቸው የደረሰ ግዙፍ ግዙፍ ወንዶች እንደ ሕጻን ሲያለቅሱ ታያላችሁ።

ሦስተኛው ወገን፣ እኛ እንዳየነው ትልቁ፣ ድምፁን ጨርሶ አልለካም። ወጣ ወይ? ወጣ። አየን ወይ? አየን። አለቀ። የእነሱ ሒሳብ እንደዚህ ነበር።

አሁን ገና የሰውየውን ስም የምትሰሙ ካላችሁ ትንሽ ወደኋላ እንመለስ። ኦዚ የብላክ ሳባዝ ድምጻዊ ነው። ባንዱን በ1968 በርሚንግሃም ውስጥ የመሠረቱት አራት የሠራተኛ ሰፈር ልጆች ናቸው፦ ኦዚ፣ ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ፣ ቤዝ ተጫዋቹ ጊዘር በትለር እና ድራመሩ ቢል ዋርድ። ዛሬ ሄቪ ሜታል የሚባለው ሙዚቃ ከየት መጣ ሲባል በመጀመሪያ የሚጠራው የእነሱ ስም ነው። የድምፁ ክብደት እንኳን ከፋብሪካ የመጣ ነው ብንል አልተጋነነም። አዮሚ በ17 ዓመቱ ብረት ሲቆርጥ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ በላበት። ልጁ ጊታሩን አልተወም። ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፣ ቀጫጭን ክር ተጠቀመ፣ በኋላም እንዲቀለው ክሮቹን አላላ። ክሩ ሲላላ ድምፁ ወረደ፣ ጎረነነ። ያ ጎርናና ድምፅ ነው ዓለምን ያዳረሰው።

(ኮመንት ላይ "ሰይጣን አምላኪዎች" የሚል ከወዲሁ እየጻፈ ያለ እንዳለ እናውቃለን። የባንዱ ስም የተወሰደው ከአንድ የ1963 አስፈሪ ፊልም ርዕስ ነው። ትልቁ ዘፈናቸው "ዎር ፒግስ" ደግሞ ጦርነት የሚያውጁ ባለሥልጣናትን የሚያወግዝ ነው። የሌሊት ወፏን ጭንቅላት የነከሰው ግን እውነት ነው፣ 1982፣ አሜሪካ፣ ዲሞይን ከተማ። የፕላስቲክ መስሎኝ ነው ብሏል። እሱን እዚሁ እንተወው።)

ቪላ ፓርክ የተመረጠው በአጋጣሚ አይደለም። ኦዚ ያደገው አስቶን ሰፈር፣ ከሜዳው በእግር የሚደረስ ቤት ውስጥ ነው። ልጅ እያለ በጨዋታ ቀን ሜዳው አጠገብ የሚቆሙ መኪኖችን "ልጠብቅልህ" እያለ ሳንቲም ይሠራ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። የእኛ ሰፈር ልጆች ስቴዲየም ዙሪያ የሚሠሩትን ሥራ ማለት ነው። መኪና ሲጠብቅበት የነበረው ሜዳ ውስጥ አርባ ሺህ ሰው ሊያየው ተሰበሰበ። አድናቂዎቹ ይሄን ታሪክ ደጋግመው የሚያነሱት አለምክንያት አይደለም። "ሰፈሩ ተመልሶ ጨረሰ" የሚለው ስሜት ከዘፈኑ ባልተናነሰ ይዟቸዋል። የኮንሰርቱ ስምም "ወደ መጀመሪያው መመለስ" ማለት ነው።

ምሽቱ የእሱ ብቻም አልነበረም። ከቀትር በኋላ ጀምሮ ሜታሊካ፣ ገንስ ኤንድ ሮዝስ፣ ስሌየር፣ ቱል፣ ፓንቴራ፣ ጎጂራ፣ አንትራክስ እየተፈራረቁ ወጡ። እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ሜዳ የሚሞሉ ባንዶች ናቸው። እዚያ ቀን ግን ትንሽ ትንሽ ተጫወቱና ወረዱ፣ ያውም አብዛኞቹ ከራሳቸው ዘፈን መሀል የብላክ ሳባዝን ወይም የኦዚን እየጨመሩ። ፕሮግራሙን ካስተዋወቁት አንዱ ተዋናዩ ጄሰን ሞሞአ ፓንቴራ ሲጫወት መድረኩን ትቶ ሕዝቡ መሀል ገብቶ ሲራገጥ ነበር። እንግሊዛዊው ያንግብለድ ደግሞ "ቼንጅስ"ን ዘፈነ። ልጁ የተወለደው በ1997 ነው፤ የብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበም ከወጣ ከ27 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ከእናንተ መሀል ብዙዎቻችሁ በዚህ ኮንሰርት የገባችሁት በእሱ ቪዲዮ በኩል እንደሆነ እንገምታለን። ኮመንቶቹም ያንን ያሳያሉ፤ "አባቴ የሚሰማው ሙዚቃ ነበር፣ አሁን ገባኝ" የሚል ስሜት በየቋንቋው ሞልቷል።

ከዚያ ኦዚ ወጣ። አምስት የራሱን ዘፈን ዘፈነ። ስድስት ዓመት ያህል ተኝቶ መክረሙን ነገራቸው፣ የሚሰማውን ሊገምቱት እንደማይችሉ ነገራቸው፣ ከልቡ አመሰገናቸው። ቀጥሎ ሦስቱ ጓደኞቹ ተቀላቀሉትና አራት የብላክ ሳባዝ ዘፈን ተጫወቱ። በድምሩ ዘጠኝ።

አራቱ አንድ ላይ ሲጫወቱ ከ2005 ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። የድሮ አድናቂዎች ያለቀሱት አንዱ በዚህ ነው። ባንዱ በ2017 በርሚንግሃም ውስጥ "የመጨረሻ" ብሎ የተሰናበተው ድራመሩን ቢል ዋርድን ሳይዝ ነበር፤ በውል ጉዳይ ተኮራርፈው። ያ ኩርፊያ ለአድናቂው ቁስል ሆኖ ቆይቷል። እና የ77 ዓመቱ ዋርድ ሸሚዙን አውልቆ ድራሙን ሲወቅጥ ሲያዩ፣ የሰሙት ሙዚቃ ብቻ አይደለም፤ እርቅ ነው ያዩት።

እዚህ ላይ እኛን የሚመለከት አንድ ነገር አለ፤ ከዓለም ሚዲያ ብዙም ሲነሳ አላየንም።

ኦዚ በ1979 በመጠጥና በዕፅ ምክንያት ከባንዱ ተባሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ አራቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ መድረክ ላይ የቆሙት መቼ ይመስላችኋል? ጁላይ 13 ቀን 1985፣ በአሜሪካ ፊላዴልፊያ፣ ላይቭ ኤይድ ላይ። አዎ፣ ለሰባ ሰባቱ ድርቅ ገንዘብ የተሰበሰበበት ኮንሰርት። ገና በጠዋቱ ወጥተው ሦስት ዘፈን ተጫውተው ወረዱ። ፍሬዲ መርኩሪ ለንደን ላይ ሁሉን ስለጋረደው የእነሱን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የተጣሉት ሰዎች ለዚያች ጠዋት የተገናኙት ግን በእኛ ወገን ስም ነው። ላይቭ ኤይድ የኢትዮጵያን ገጽታ እንዴት እንዳቀረበ ብዙ ቅሬታ አለን፣ ትክክልም ነው፤ ሌላ ጊዜ እናወራበታለን። ቀኑን ብቻ ተመልከቱት፦ ጁላይ 13 ቀን 1985 እና ጁላይ 5 ቀን 2025። አርባ ዓመት ሊሞላ ስምንት ቀን ሲቀረው። የመጀመሪያው እርቃቸውም የመጨረሻው ስንብታቸውም የበጎ አድራጎት መድረክ ላይ ሆነ።

የቪላ ፓርኩ ገቢ ለሦስት እንዲሰጥ ነው የታወጀው፦ ለፓርኪንሰን ምርምር ለሚሠራው ኪዩር ፓርኪንሰንስ፣ ለበርሚንግሃም የሕጻናት ሆስፒታል፣ እና በጽኑ የታመሙ ሕጻናትን ለሚንከባከበው አኮርንስ።

ስለ ገንዘቡ ካነሳን፣ "140 ሚሊዮን ፓውንድ ተሰበሰበ" የሚል ፖስት ያላየ የለም። ሼር ያደረጋችሁም አላችሁ፣ እኛም ለጥቂት ነው የተረፍነው። ቁጥሩን ዝም ብላችሁ በስልካችሁ ካልኩሌተር ሞክሩት። አርባ ሺህ ሰው እያንዳንዱ 500 ፓውንድ ቢከፍል 20 ሚሊዮን ነው። ቀሪው 120 ሚሊዮን ከየት ይመጣል? በኢንተርኔት ቀጥታ ማየቻው 25 ፓውንድ ገደማ ነበር፤ እሱን ለመሙላት 4.8 ሚሊዮን ሰው መግዛት ነበረበት። ያውም ምንም ወጪ ሳይቀነስ። በኋላ ባለቤቱ ሻረን ራሷ ቁጥሩ እውነት እንዳልሆነ፣ ምነው በሆነ የሚያስብል እንደሆነ ተናገረች። ደግ ወሬም ሲሆን ሒሳቡ ይሠራ።

አሁን ወደዚያ ከባድ ጥያቄ። የታመመ ሰው መድረክ ላይ ማውጣት ነውር ነው ወይስ አይደለም?

"አሳዘነኝ" ያሉትን ሰዎች ልንሳደብ አንፈልግም። የሮክ ገበያው ያስጠረጥራል። "የመጨረሻ ጉብኝት" የሚለው ቃል እዚያ ቤት ዋጋ ካጣ ቆይቷል። ኦዚ ራሱ በ1992 ጡረታ ወጣሁ ብሎ ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሷል፣ ያውም የተመለሰበትን ጉብኝት "ጡረታ አይረባም" ብሎ ሰይሞ። ኪስ የተባለው ባንድ በ2000 ተሰናብቶ እውነተኛ ስንብቱን ያደረገው በ2023 ነው። ዘ ሁ በ1982 ተሰናብተዋል፤ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደተመለሱ መቁጠሩን ትተናል። በዚህ ላይ የቪላ ፓርክ ትኬት መነሻው 200 ፓውንድ ገደማ ነበር፣ የላይኛው ከዚያ ብዙ እጥፍ። ኦዚ የመጣበት ሰፈር ልጅ በዚያ ዋጋ አይገባም። አድናቂ ዋጋውን አይቶ ቢናደድ፣ "ሽማግሌውን እያለቡት ነው" ብሎ ቢጠረጥር፣ መብቱ ነው።

ግን ደግሞ ይሄኛው ምሽት ምን እንዳደረገ እዩት። ሰውየው በጃንዋሪ 2020 ሕመሙን በይፋ ተናግሯል። በፌብሩዋሪ 2023 ደግሞ ሰውነቴ ከከተማ ከተማ መዞር አይችልም ብሎ ጉብኝቱን ሰርዟል፤ ትኬት ተሸጦ የነበረ ቢሆንም። ስለዚህ የቪላ ፓርክ ትኬት የገዛ ሰው ምን እንደሚገዛ ያውቃል። "እንደ ድሮው ይዘላል" ብሎ ማንም አልነገረውም። ጉብኝት አይደለም፣ አንድ ቀን ነው። ሁለት ሰዓት አይደለም፣ ዘጠኝ ዘፈን ነው። ቆሞ አይደለም፣ ተቀምጦ ነው። ገንዘቡም ለእሱ ኪስ አይደለም ተብሏል። ለእኛ ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። አድናቂን የሚያታልለው የደከመ ድምፅ አይደለም፤ የደከመውን አልደከመም ብሎ መሸጥ ነው።

ሌሎቹም በየራሳቸው መንገድ ይሄን ተጋፍጠውታል። ፊል ኮሊንስ በማርች 2022 ለንደን ላይ የጄነሲስን የመጨረሻ ኮንሰርት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የዘፈነው፤ ድራም ተጫዋች ሆኖ ስም ያወጣው ሰው ድራሙን ለልጁ ትቶ። ኤሮስሚዝ በተቃራኒው የስቲቨን ታይለር ጉሮሮ ተጎድቶ አልድን ሲል በኦገስት 2024 ጉብኝት በቃን አሉ። ያው ታይለር ግን ቪላ ፓርክ መጥቶ ዘፈነ። ጉብኝት አልችልም ያለ ሰው ለአንድ ምሽት መጣ። የሁሉንም ምርጫ እናከብራለን፤ ከዚህ መሀል አንዱ ትክክል ሌላው ስህተት ነው አንልም።

አንድ ነገር ግን የሚያናድደን አለ። "ክብሩን ጠብቆ ቤቱ ቢቀመጥ ይሻለው ነበር" የሚለው አባባል። የማን ክብር? ፓርኪንሰን ያለበት ሰው እጁ ሲንቀጠቀጥ መታየቱ ለምን ውርደት ይሆናል? በየቤታችን እንዲህ የታመሙ አባቶችና አያቶች አሉ። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ እናስገባቸዋለን፣ ሠርግ ላይ ጥግ እናስቀምጣቸዋለን፣ "ይደክማቸዋል" እንላለን። እውነትም ይደክማቸዋል። ግን አንዳንዴ የደከመን እኛ ነን። ከአስተያየቶቹ ሁሉ ልባችንን የነካው ራሳቸው ይሄ ሕመም ያለባቸው፣ ወይም እናት አባታቸው ያለባቸው አድናቂዎች ስሜት ነው። እነሱ ዙፋኑን አይተው አላፈሩም። "እሱ ከወጣ እኔም እወጣለሁ" የሚል መንፈስ ነው ያለው። ይሄ ስሜት ከየትኛውም የሙዚቃ ሐያሲ ነጥብ ይበልጥብናል።

ከጁላይ 22 በኋላ ክርክሩ በአንድ ቀን ተገለበጠ። "አሳዘነኝ" ያሉት ዝም አሉ፣ አንዳንዶቹ ፖስታቸውን አጠፉ። "ሊሰናበት ነው የጠበቀው" የሚለው ነገር ዓለምን ሞላው። ሌላው ደግሞ "መድረኩ ነው የገደለው" አለ። ሁለቱንም ይዞ የሚሄድ ማስረጃ እኛ አላየንም። ሰው መቼ እንደሚሞት አውቆ ኮንሰርት አያዘጋጅም፤ የ76 ዓመት ሕመምተኛ ሞት ደግሞ በአንድ ምሽት አይመካኝም። ያየነው ይሄን ያህል ነው፦ አንድ ሰው መጨረስ በፈለገበት ቦታ፣ መጨረስ ከፈለገው ሰዎች ጋር ጨረሰ። በ17ቱ ቀናት ውስጥ "ድምፁ ደክሟል፣ ግን አልቅሼ ወጣሁ" ያሉት ሰዎች ደግሞ ከሞቱ በኋላ አንድ ቃል መቀየር አላስፈለጋቸውም።

ጁላይ 30 አስከሬኑ በበርሚንግሃም ብሮድ ስትሪት አለፈ። ከተማው ውስጥ በባንዱ ስም የተሰየመ ድልድይ አለ፣ የአራቱ ምስል ያለበት አግዳሚ ወንበርም እዚያው ላይ አለ። አበባው ወንበሩን ሸፍኖት ነበር። ማርሽ ባንድ ከፊት ከፊት እየሄደ የእነሱን ዘፈን ይነፋል። መኪናው ድልድዩ ላይ ቆመ፣ ሻረንና ልጆቿ ወርደው አበባዎቹን አዩ፣ የተጻፉትን ማስታወሻዎች አነበቡ። ሕዝቡ አጥሩን ተደግፎ ስሙን ይጠራል፣ ልክ ቪላ ፓርክ እንደጠራው፦ "ኦዚ! ኦዚ! ኦዚ!" ሻረን እጇን አንስታ ሁለት ጣቷን ዘረጋች፣ እሱ ሁልጊዜ መድረክ ላይ የሚያሳየውን የሰላም ምልክት።